እስከ ታች

ሹፌሩ ጋሽ ኤርጫፎ አውቶቡሳቸውን ሆሳዕና ጋራዥ ያስገቡት ማርሽ ሲቀይሩ ካምቢዮው እየተፋጨ አላስነዳ ስላላቸው ነው። መካኒኩ ሸምሱ ፈትቶ አየው፤ እንከን አጣበት።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ካልረገጡት የማርሹ ጥርሶች ይፋጫሉ» አላቸው።

«ሠላሳ ዓመት ነድቼ አንተ ልታስተምረኝ? ነገ ስልሳ ሰው ጭኜ ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ይልቅ ቶሎ ሥራልኝ!»

«እስቲ አሁን ይርገጡት።»

የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥተው ረገጡት። ፔዳሉ ግማሽ ድረስ ወርዶ ቆመ።

«ይኸው፣ መጨረሻው ደረሰ» አሉ።

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ግራ እግራቸውን ሊጫንላቸው ሲል እጁ ራሰ። ጫማቸውን ሲስበው ሶሉን የበሳ ረጅም ሚስማር ከተረከዛቸው ተመዞ ወጣ። ካልሲው በደምና በመግል ርሷል።

«ጋሼ፣ አያምዎትም?»

«ምኑ?» አሉ፣ መሪውን እንደያዙ።