የማን ይደምቃል?

ሲመሻሽ ራኒያ ከትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በገዛ እጇ የሠራቻቸውን ሁለት መብራቶች አበራች። አረንጓዴው ለአባቷ ሱቅ፣ ቀዩ ደግሞ ግድግዳ ለሚጋሯቸው ለእትዬ አስካለማርያም ሱቅ ነበር። አረንጓዴው ቦግ ብሎ ቀዩን ዋጠው። «ማሻ አላህ! የኛው በለጠ» አሉ አባቷ ሰይፈዲን። የራኒያ ፊት ግን ጠቆረ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሁለቱም ኤሌክትሪኩን የሚቀንሰውን ሬዚስተር አንድ ዓይነት ገጠምኩ። አረንጓዴ በትንሽ ኤሌክትሪክም ይደምቃል።»

«የእትዬን ከፍ አድርጊዋ!»

«ይቃጠላል። የኛን ነው ዝቅ የማደርገው።»

አባቷ ጢማቸውን እየዳበሱ መጥተው የምትወጣበትን መሰላል ያዙላት። ራኒያ አረንጓዴው ላይ ሌላ ሬዚስተር ጨምራ በየደች። ሁለቱንም በነጭ ወረቀት ሸፍና ዓይኗን እያጨነቆረች ብታነጻጽራቸውም እኩል መድመቃቸውን ልቧ አላመነም። ወረቀቱን ስታነሳ እትዬ አስካለማርያም ከሱቃቸው ወጥተው ሽቅብ አዩ።

«ሰይፈዲን፣ ያንተ እኮ ይደምቃል!»

«ኧረ የርስዎ ነው፣ እትዬ!»

«በማርያም፣ ያንተ ነው!»

«ወላሂ የርስዎ ነው!»

ሁለቱ እየማሉ ሲከራከሩ፣ ራኒያ መበየጃዋን ከሶኬት ነቅላ ደረቷን ነፍታ ከመሰላሉ ወረደች።