ለብ ያለ ውሃ

መካኒኩ ሞተሩን ፍል ውሃው ዳር አቁሞ ሄልሜቱን አወለቀ። አዋጅ እንደሚለፍፍ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እግሬን ልታጠብ ነው» አለ።

«ታዲያ ሕዝቡ ጸጥ ይበል?» አለች ሚስቱ ከኋላው እየወረደች።

ስኳር በሽታ እግሩን ካደነዘዘው ወዲህ ሞተሩ ሊሸጥ ነበር። እሱ «ድኗል፣ ጠጠር ስረግጥ ይሰማኛል» አለ፤ እሷም ያመነች መሰለች። ጠዋቱን ሙሉ በዚያ ኮረኮንች ፍሬን ሲረግጥ ያረፈደው በዚሁ እግር ነው።

ውሃው ከድንጋዩ ሥር የሚፈልቅበት ላይ ሁለቱንም እግሮቹን ነከረና ማፏጨት ጀመረ። «ለብ ያለ ነው፤ ነይ እንጂ እመቤቴ።»

ጫማዋን አውልቃ አውራ ጣቷን ብቻ ብትነክር እሳት ሆነባት። ወዲያው ተንበርክካ እግሮቹን አንድ በአንድ አወጣችና ቀሚሷ ላይ አሳረፈቻቸው። ቆዳቸው ቀልቶ መላጥ ጀምሯል። ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ ማፏጨቱን አቆመ። የሞተሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።