የዘገየው መልስ

ወንበር ላይ ቆማ፣ ፍሪጁ አናት ላይ ከማይክሮዌቩ ጀርባ የተወሸቀውን ራውተር አቧራውን እፍ እያለች ታወርደዋለች። እንጀራዋ ይኸው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ዋይፋይ ስታቃና ትውላለች። የአባቷን ቤት ግን ዛሬ ነገ ስትል ዓመት አለፈው።

ዛሬ ማምለጫ የላትም። ሩቅ አገር የሚኖረው ወንድሟ መሮታል። አባባን አንድ ነገር በጠየቃቸው ቁጥር መስመሩ ዝም ይላል፤ ካልተስተካከለ በቃ በጽሑፍ እንገናኝ ብሏታል። የአባታቸው ዓይን ደግሞ ጽሑፍ ከለየ ቆይቷል።

ራውተሩን ሳሎን መደርደሪያው ላይ ታስቀምጥና ላፕቶፗን ትከፍታለች። ቅድም ከላከቻቸው መቶ የሙከራ መልእክቶች ሠላሳው መንገድ ላይ ቀርተው ነበር። አሁን መቶውም ሳይውሉ ሳያድሩ ከች ይላሉ። አባቷ ግን ሶፋው ላይ ቅር ብሏቸው ተቀምጠዋል፤ ዕቃውን ከነበረበት እንድትመልሰው በእጃቸው ያሳዩአታል። ሽማግሌ ነገር ከቦታው ሲነሳ አይወድም ብላ በልቧ ትስቃለች።

ለወንድሟ በቪዲዮ ትደውላለች። መስመሩን እየለካች ስለሆነ ትንፍሽ እንደማትል ለሁለቱም ትነግራቸዋለች።

“አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?” ይላል ወንድሟ።

ዝም።

ቁጥሮቹን ታያለች፤ የጠፋ የለም፣ የዘገየም የለም። ስክሪኑ ላይ ከወንድሟ ጀርባ መጋረጃው ሳይቋረጥ ይወዛወዛል። “ይኸው፣ ተቆረጠ” ይላል እሱ። ወደ አባቷ ዞር ትላለች። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ግንባራቸውን አልቧቸዋል፤ ዓይናቸው በይልኝ እያለ ይለምናታል።

“ደህና ናቸው” የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ያኔ ይገባታል። አምና ከታመሙ ወዲህ ቃል ይዘገይባቸዋል፤ ያ በተረቡ ሰፈሩን ሲያስቸግር የኖረ ሰው። እሷ ችኩል ናት። ሻይ ይፈልጉ እንደሆነ ራሷ ጠይቃ ራሷ ስትመልስ፣ የጀመሩትን ስትጨርስላቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ሳታየው ከረመች። የተበላሸው ዋይፋይ ከልጃቸው የሚሸሸጉበት ጥግ ነበር፤ እሱንም አፈረሰችባቸው።

አጠገባቸው ሄዳ ትቀመጥና እጃቸውን ትይዛለች።

“መስመሩ ደህና ነው” ትለዋለች ወንድሟን። “አባባ ሊመልሱልህ ነው። ጠብቃቸው።”

ወንድሟ ሊዘጋ የሰነዘረውን ጣቱን ይመልሳል። አንድ ነገር ሊጠይቃት ይልና ይተወዋል፤ አገጩን መዳፉ ላይ አስደግፎ ይጠብቃል። ጥበቃው ይረዝማል፤ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ትታገሳለች።

“ከ… ከስተሃል” ይላሉ አባቷ በመጨረሻ።

እሷ ብትመልስላቸው “ደህና ናቸው” ብላ ትዘጋው ነበር። ወንድሟ ጉንጩን ይዳብሳል፤ ይስቃል፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል። አባቷ ግንባራቸውን ቋጥረው ቀጣዩን ቃል ይፈልጋሉ፤ የሚያጣድፋቸው የለም።