«ተነሱ… ሣሩ ረዝሟል!»

«እንደዚህ ነበር የሚሄደው!» አለች ዶቲ፣ ጎብጣ በዱላ እያነከሰች…

ጓደኞቿ በሣቅ ፍርስ አሉ።

ሁሉም ሰባን ያለፉ ናቸው። ጸጉራቸው ነጭ፣ ቲሸርታቸው ዥንጉርጉር፣ በእጃቸው የቆርቆሮ ቢራ።

በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ እዚሁ ማሳ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የሮክ ሙዚቃ ሲሰሙ፣ ዝናብ ሲደበድባቸው፣ ጭቃ ላይ ሲንከባለሉ ሰንብተዋል።

አሁንም ነሐሴ በመጣ ቁጥር ከቦስተንም ከኦሃዮም መኪናቸውን እየነዱ ይመጡና ያንኑ ያወራሉ።

«ያ ከበሮ መቺ መምቻው ሲሰበርበት በጫማው የጨረሰው ትዝ ይላችኋል?» አለ ጊል፣ የድሮ ጓደኛቸው።

«ምን አልክ?» አለ የዶቲ ባል ላይል፣ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ።

«ጫማው!» ጮኸችበት ዶቲ።

ላይል ያኔ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ፊት አልነቃነቅም ብሎ ሦስቱንም ቀን እዚያው ቆሟል። ዛሬ የመስሚያ መሣሪያውን ከጆሮው ካወለቀ መብረቅ ቢወድቅም አይሰማም።

ይኮራበታል ደግሞ። «የጦር ሜዳ ቁስሌ ነው» ይላል።

የሁሉም ተወዳጅ ወሬ ግን የዶቲ ናት…

የማሳው ባለቤት ስታል የሚባል፣ ፊቱ የማይፈታ ገበሬ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ ዱላውን ይዞ ይመጣል። ሣር ውስጥ የተኛውን ሁሉ እየጎሸመ ያስነሳል።

«ተነሱ! ሣሩ ረዝሟል!»

ሌላ ቃል የለውም።

ዶቲን ተረከዟን መቷት ስታነክስ ሰነበተች። ያችን አባባሉን ዛሬ ቲሸርታቸው ላይ አሳትመው ለብሰዋታል።

«ሰው አልነበረም እኮ!» አለ ጊል። «ሞቷል አይደል?»

ዶቲ ልትመልስ ዞር አለች…

አጥሩ ጋ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ወደ ዘጠና የሚጠጋ። በእጁ ዱላ ይዟል።

አይስቅም።

የሚያየውም እነሱን አይደለም… ሣሩን ነው።

የዓመታዊው ድግስ አዘጋጆች «ከአጥሩ ወዲህ፣ መኪናችሁ ውስጥ ተኙ» ብለው አስጠንቅቀዋል። ላይል ግን ሲመሽ የመኝታ ከረጢቱን አንጠለጠለ።

«ያኔ በተኛንበት ቦታ ነው የምተኛው። ነይ!»

«በሰባ ስድስት ዓመትህ? ወገብህስ?»

«እንደ አሮጊት አትነጫነጪ!»

«አሮጊት ነኝ እኮ!»

ጥሏት ሄደ።

ሊነጋጋ ሲል ዶቲ ነቃች። ከመኪናው ስትወርድ ጉሙ አጥሩን እንኳ ውጦታል። ወፍ እንኳ አይጮኽም…

የማሳው በር ሲጥ ሲል ሰማች።

ሽማግሌው ነው። ዱላውን ይዞ እየገባ ነው።

ሮጣ ፊቱ ተገተረች።

«አንተ ሰውዬ! ዛሬስ ማንንም አትመታም!»

«ሣሩ ረዝሟል» አላት።

ያቺው አባባል! ደሟ ፈላ። ዱላውን ጨምድዳ ያዘች። እሱም አልለቅም አለ።

ያኔ ነው ድምፁን የሰማችው…

ከባድ መኪና። ለድግሱ የተተከሉትን ሽንት ቤቶች ፍሳሽ የሚመጥጠው ነው። ሹፌሩ ሰው ሳይነቃ ሥራውን ጨርሶ እንዲወጣ ታዟል፤ ማሳው ላይ ማንም እንደማይተኛ ተነግሮታል። ስለዚህ በሣሩ መሀል አቋርጦ እየመጣ ነው።

«ላይል! ላይል!»

ጮኸች… ግን ለማን?

የላይል የመስሚያ መሣሪያ መኪናቸው ውስጥ ነው። ስትወጣ ትራሱ አጠገብ አይታዋለች።

እጇ ከዱላው ላይ ወደቀ።

ሽማግሌው አልሮጠም። ጉልበቱ አይችልም። ሣሩን ግራና ቀኝ እየመታ፣ በጉሙ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሄደ። ዶቲ እያለቀሰች ተከተለችው። የሞተሩ ድምፅ እየቀረበ… እየቀረበ…

ዱላው አንድ ነገር ላይ አረፈ።

«ወይኔ እግሬን!»

ላይል ነበር!

አንዱ በክንዱ፣ አንዷ በአንገትጌው ይዘው ጎተቱት። መኪናው ነፋስ እያስነሳ በአጠገባቸው አለፈ። ሹፌሩ አላያቸውም።

ቀዩ የመኝታ ከረጢት ጭቃው ውስጥ ተጨፍልቆ ቀረ።

«ምንድን ነው? ምን ተፈጠረ?» ይላል ላይል።

የሽማግሌው ልጅ ዊልማ ኮት ይዛ እየሮጠች ደረሰች።

«አባዬ! አሁንም ብቻዎን ወጡ?»

ኮቱን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችና ወደ ዶቲ ዞረች።

«አባዬ ልጅ ሳሉ ታናሽ ወንድማቸው ረጅም ሣር ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አያቴ የሣር ማጨጃ ማሽኑን እየነዱ መጡ…»

የአባቷን የኮት ቁልፎች ቆለፈችላቸው።

«ከዚያ ወዲህ ማሳው ላይ ጎማ የሚገባ ከሆነ ቀድመው በዱላ ሳይፈትሹ አያውቁም። በዚያ በእናንተ ድግስም የውሃ ቦቴዎቹ በየንጋቱ ይገቡ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ለእኔም የነገረችኝ እናቴ ናት። እሳቸው እስከ ዛሬ የወንድማቸውን ስም ጠርተው አያውቁም።»

ዶቲ ደረቷ ላይ የተጻፈውን አየች። በሁለት እጇ ሸፈነችው።

የዚያን ቀን ጓደኞቿ እንደ ልማዳቸው «ዶቲ፣ ባለ ዱላውን አሳዪን!» ብለው ጮኹ።

ዱላ አነሳች። አልጎበጠችም። አላነከሰችም።

«ተነሱ» አለች። «ሣሩ ረዝሟል።»

ከዚያ ጠዋት የሆነውን ነገረቻቸው። አንድም የሳቀ የለም። የቻለው በእግሩ፣ ያልቻለው በሰው ትከሻ ተደግፎ… ሁሉም ተነሱ።

አቶ ስታል አጥሩ ጋ ነበሩ። እነሱን አላዩም። ዓይናቸው ሣሩ ላይ ነው።

ወዳጆቼ…

ፍቅሩን መናገር የማይችል ሰው አለ። የሚችለው መቀስቀስ ብቻ ነው። የቀሰቀሰህን ዱላ ከመርገምህ በፊት፣ ተኝተህ በነበረበት በኩል ምን እንዳለፈ ዞር ብለህ እይ።

እናንተስ? ስትጠሉት ወይም ስትስቁበት ኖራችሁ፣ በኋላ ግን ያተረፋችሁ እሱ መሆኑን ያወቃችሁት ሰው አለ? ዛሬ ፊቱ ብትቆሙ የመጀመሪያ ቃላችሁ ምን ይሆናል?

ኮሜንት ላይ ጻፉት… በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ ለእሱ ንገሩት።