ምባህ ካርሶ ጉድጓዱን ለምን ቆለፉት?

«ስበሩት! ምን ትጠብቃላችሁ?»

የጮኸችው ላስሚኒ ነበረች...

ድንጋዩ ጓጉንቸሩ ላይ ወረደ። አንዴ... ሁለቴ...

ሽማግሌው ምባህ ካርሶ የውሃ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ልጆቼ ተዉ! ይሄን ውሃ አትጠጡት፣ እለምናችኋለሁ!»

«ለምን? ምን አለበት?»

ሽማግሌው ላስሚኒን አየት አደረጉና አንገታቸውን ደፉ።

«የኔ ጉድጓድ ነው። አልሰጥም ካልኩ አልሰጥም።»

ላስሚኒ በምሬት ሳቀች።

«አንተ ሽማግሌ! መቃብር ይዘኸው ልትገባ ነው?»

ሰፈሩ ክው አለ። «ምባህ»፣ አያታችን፣ ተብለው የሚጠሩትን ሰው ፊት ለፊት «አንተ» ያላቸው የለም።

ግን «ተይ» ያላትም አልነበረም...

ሰንሰለቱ ተበጠሰ።

ሰፈሩ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ዮግያካርታ፣ ወንዝ ዳር ነው። ቤት ከቤት ግድግዳ ይጋራል። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምትለው ከአልጋህ ሳትነሳ ነው።

ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። ውሃ የሚመጣው በጋሪ ነው።

ላስሚኒ ባሏ ሱጌንግ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ፣ ቴምፔ የሚሉትን የአኩሪ አተር ምግብ እየጠበሰች በመሸጥ ልጆቿን ታሳድጋለች። ያገኘችውን ሁሉ የውሃ ጋሪው ይበላዋል።

ከግድግዳዋ ጀርባ ደግሞ ውሃ ያለው ጉድጓድ ተቆልፎ ተቀምጧል!

ድሮ ሰፈሩ በሙሉ ከዚያ ነበር የሚቀዳው። ምባህ የቆለፉት ሚስታቸው ሳሪነም በሞቱ ሰሞን ነው። ሱጌንግም ያኔ በሕይወት ነበር።

«ሐዘኑ ጭንቅላቱን ነክቶት ነው» ይላል አንዱ።

«ኧረ ንፍገት ነው! እሱም እኮ ከጋሪ ነው የሚገዛው። የራሱን ውሃ ለራሱ የሚሰስት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ይሳቃል...

ያን ቀን ሁሉም ቀዳ። ላስሚኒ የመጀመሪያውን ባልዲ ለጎረቤቷ ለቱሚራ ሰጠቻት። ቱሚራ ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ አለቻት... ዌኒንግ።

«እንቺ እህቴ። ዛሬ ልጅሽ እንደ ልቧ ትንቦጫረቅ!»

«አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ ላስሚኒ።»

ዌኒንግ ተንቦጫረቀች። በእፍኟ እየጨለፈች ጠጣች... ሳቀች...

ሰፈሩም ውሃው እስኪፈላ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም።

ብዙም ሳይቆይ ተቅማጥ ገባ። አንዱ ቤት... ቀጥሎ ያለው ቤት...

የላስሚኒ ልጆች ታመው ተነሱ።

ዌኒንግ አልተነሳችም።

ከጤና ጣቢያ የመጣው ባለሙያ ውሃውን መረመረ። የሽንት ቤት ፍሳሽ ገብቶበታል አለ።

ላስሚኒ በቀጥታ ወደ ምባህ ካርሶ ቤት ገባች።

«ታውቅ ነበር! አትጠጡ ያልከው ታውቅ ስለነበር ነው!»

«አውቅ ነበር ልጄ።»

«የማን ሽንት ቤት ነው?»

የሽማግሌው ዓይን ግድግዳውን ተሻግሮ ሄደ...

ወደ እሷ ግቢ።

ሱጌንግ በእጁ የቆፈረው ሽንት ቤት። በሽንት ቤቱና በውሃው መካከል ያለው ያ ቀጭን ግድግዳ ብቻ ነው!



«ሳሪነም የሞተችው በዚሁ ውሃ ነው» አሉ ምባህ። «ሽንት ቤቱ ከተቆፈረ በኋላ ነው ውሃው የተበላሸው። ያኔ ለባልሽ ነገርኩት። ‹አዛውረዋለሁ ምባህ፣ ለላስሚኒ አይንገሯት፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ› ብሎ አለቀሰ። ከዚያ... እሱም ወደቀ።»

«ለምን... ለምን ለኔ አልነገሩኝም?»

«ቆሻሻ ነው ብል ‹ከየት መጣ?› ይላሉ። ባሏን የቀበረች ሴት ላይ ሰፈሩ ሊነሳባት ነው። እኔን ንፉግ ቢሉኝ ምን ይቀርብኛል? ቁልፉ ይበቃል ብዬ ነበር...»

ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ አዞሩ።

«አልበቃም።»

ሚስታቸውን የነጠቃቸው ከእሷ ቤት የመጣ ቆሻሻ ነበር። እሳቸው ግን እሷኑ ከሰው አፍ ሸሽገው፣ ስድቧን ሲጠጡ ከረሙ።

ላስሚኒ እጃቸውን ስማ ወጣች። ቤቷ ግን አልገባችም። የቱሚራን በር አንኳኳች።

«ሽንት ቤቱ የኔ ነው ቱሚራ። ሰንሰለቱንም ያስበጠስኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ባልዲም የሰጠሁሽ እኔ ነኝ...»

የቱሚራ እንባ አልቋል።

«አንቺ አላወቅሽም» አለች። «ሽማግሌው ግን ያውቅ ነበር።»

በሩን ዘጋችው።

ዛሬ ያ ሽንት ቤት ተደፍኗል። ሰፈሩ ተባብሮ፣ ባለሙያ አማክሮ፣ ራቅ ያለ ቦታ ላይ የጋራ ሽንት ቤት ሠርቷል። እንዲህ በአንድ ላይ መቆፈር ይቻል ኖሯል... ግን ማንም ችግሩን አያውቅም ነበር።

ምባህ ካርሶ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንዱ እጃቸውን ስሞ ያልፋል። ቱሚራ ፊቷን አዙራ ታልፋለች። እሳቸውም ቀና ብለው አያዩዋትም።

ወዳጆቼ... ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ይህ ዝምታ ግን የአንዲት ሕፃን ነፍስ አስከፍሏል።

ንፉግ ያልነው ሰው ምን ተሸክሞ እንደሚኖር አናውቅም። ስለዚህ ለስድብ አንቸኩል።

ደግሞም ስለ ሽንት ቤት ማውራት ነውር ነው፣ ጎረቤቴን አሳፍራለሁ ብለን የምንውጠው እውነት አለ። ሐፍረት ያልፋል... የሞተ ግን አይመለስም።

እስቲ እናንተ በምባህ ካርሶ ቦታ ብትሆኑ፣ እውነቱን ተናግራችሁ ላስሚኒን ለሰፈሩ ትሰጧት ነበር... ወይስ ትቆልፉ ነበር?

ቱሚራን ብትሆኑስ... ይቅር ትሏቸው ነበር? 👇