ያላለቀው መርፌ

የወረዳው የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ በዞኑ ስብሰባ ላይ «ዓመቱን ሙሉ አንድም መድኃኒት ያላለቀበት» ተብሎ ተሸለመ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሚስቱም እልል አለች።

የምስክር ወረቀቱን ታቅፎ ከመድረኩ ሲወርድ፣ የቆላው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሲስተር ወርቅያንስ ደረጃው ሥር ጠበቀችው።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ» አለችና እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «በሰኔ፣ ደም ለሚፈሳት ወላድ መርፌ ፍለጋ መጥቼ፣ አልቋል ብለው የመለሱኝ ትዝ ይልዎታል?»

ያን ቀን ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ሙሉ ካርቶን ነበረው። መደርደሪያ ባዶ ሲሆን ስለሚጨንቀው፣ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ነው።

«ትዝ ይለኛል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ሴትዮዋ አረፈች። ቢኖረው ኖሮ አይነፍገኝም ነበር ብዬ ባሏን አጽናናሁት። ዛሬ ደግሞ ምንም አላለቀበትም ሲሉ ሰማሁ። እንግዲህ ለሰውየው ምን ልበለው?»

ሚስቱ ከፊት ወንበር ሆና ፈገግ ብላ ታየዋለች። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። የምስክር ወረቀቱን ለሲስተር አስያዛትና ወደ መድረኩ ተመለሰ። ማይኩን ሲጨብጥ፣ ሕዝቡ ሊያመሰግን የወጣ መስሎት እንደገና አጨበጨበ።