ከመዝገብ የወጣው ቤት

መሐንዲሷ በከተማው የቅርስ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የጥንት ቤቶችን ከቅርስ መዝገብ ስታስወጣ አመንትታ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ተወልዳ ያደገችበት፣ ባለ እንጨት ሰገነቱ ቤት ተራ ደረሰ። «ከበላይ የመጣ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብላ «ቅርስነት የለውም» የሚለው ሰነድ ላይ ፈረመች።

ቅዳሜ ጠዋት ኤክስካቫተሩ ቤቱን ሲደረምሰው ቆማ አየች። ከዚያ በቀጥታ እናቷ ወደሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሄደች። ታላቅ ወንድሟ በሩን ከፈተላት።

«አፈረሱት» አለችው፣ ሶፋው ላይ ዘጭ ብላ።

«ምኑን?»

«ቤታችንን ነዋ!»

«የምን ቤት? ያደግነው እዚሁ አይደል እንዴ? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

የሚቀልድባት መስሏት ተናደደች። ተነስታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተሰብ ፎቶ ልታሳየው አወረደችው። ፎቶው የተነሳው በዚያ ቤት ደረጃ ላይ ነበር። አሁን ደረጃው የለም። አባቷ፣ እናቷና ወንድሟ ነጭ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እግራቸው ሥር ተቀምጣ የነበረችው ሕፃንም የለችም።

እናቷ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«እማዬ!» አለች።

እናቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ወንድሟ ፎቶውን ከእጇ ቀስ አድርጎ ወሰደ።

«ይቅርታ እህት» አላት፣ «ማንን ፈልገው ነው የመጡት?»